አርባ ከመቶ ዘይት

ጓድ ገነነ ሞስኮ መሄድ ይፈልግ ነበር። ለትምህርት ነው ይላል እንጂ፣ ትምህርት የሚባለውን ነገር ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ መንገድ ላይ ቢያገኘው እንኳ ሰላም የሚለው ሰው አልነበረም። የሚፈልገው መሄዱን ሳይሆን መመለሱን ነው። ከሞስኮ የተመለሰ ካድሬ በፒያሳ ሲያልፍ አይቷል። ኬክ ቤት ሲገባ ሰው ወንበር ይለቅለታል፤ ማኪያቶው ሳያዝዝ ባንኮኒው ላይ ይቀመጥለታል፤ «ስብሰባ ላይ ነበርኩ» ሲል እንኳ ድምፁ ከሌላው ሰው ድምፅ በአንድ ክንድ ይረዝማል።

ቦታው አንድ ነው፤ ተመኚው ግን ብዙ። በዚያ ክረምት ደግሞ በበላይ አካል ዘንድ ሞገስ የሚያሰጥ አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ የኢኮኖሚ አሻጥረኛ መያዝ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ያለው የቅመማ ቅመም መደብር ካድሬ በርበሬ ውስጥ ሸክላ አገኘ ተብሎ ስሙ ተጠራ። ሌላው ቅቤ ውስጥ ሙዝ አጋለጠ። የማጋለጡም ነገር ሥርዓት ነበረው። የተቀላቀለው ይለያል፤ በርበሬው በአንድ ብርጭቆ፣ ሸክላው በሌላ ብርጭቆ ሆኖ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ አሻጥረኛው ከጎኑ ይቆማል፤ ሠራተኛው እጁን አውጥቶ ያወግዘዋል፤ መዝሙር ይዘመርና ሰውየው ወደሚወሰድበት ይወሰዳል። ሕዝብ በዓይኑ ያየውን ይፈርዳል ይባል ነበር። ያላየውንም ይፈርድ ነበር፤ ለዚያኛው ግን ብርጭቆ አያስፈልግም።

የገነነ መከራ የተመደበበት ቦታ ነው። ከጊዮርጊስ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ ድሮ የአንድ አርመን የነበረ፣ ከተወረሰ ወዲህ የሰፊው ሕዝብ የሆነ፣ ሰፊው ሕዝብ ግን አንድም ቀን ገብቶበት የማያውቅ የኬሚካል ማከፋፈያ። አሲድ ውስጥ ማን ምን ይቀላቅላል? ገነነ ስምንት ወር ሙሉ በጠርሙሶቹ መካከል ተመላለሰ። አሻጥር ሲፈልግ አሲዱ አንድ ጊዜ ኮቱን፣ አንድ ጊዜ አውራ ጣቱን በላው እንጂ ሌላ ያገኘው የለም።

ሐምሌ ሲገባ፣ መጋዘኑን ሲጎበኝ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ቆርቆሮ ዓይኑን ያዘው። እንግሊዝኛውን በጣቱ እየተከተለ፣ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። ሶዲየም ሃይድራይድ፣ ስድሳ ከመቶ። ቀጥሎ ያለውን ሲያነብ ልቡ ዘለለች። በማዕድን ዘይት ውስጥ።

የመጋዘኑ ኃላፊ አስካለ ነበሩ፤ የአርመኑ ጊዜ ሠራተኛ፣ የጊዮርጊስ ሰፈር ሰው፣ የገነነ እናት የሰንበቴ ማኅበርተኛ። ይህም ራሱን የቻለ ችግር ነው። እርስዎ ማለት የፊውዳል ርዝራዥ ነው ተብሎ ተምሯል፤ አንቺ እንዳይል ደግሞ እናቱ በሕይወት አለች። ስለዚህ ገነነ ሁለቱንም ዘሎ መናገር ለምዶ ነበር።

«ጓድ አስካለ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሃይድራይድ ነው። ከጀርመን የመጣ። ያዘዘው ፋብሪካ ሳይወስደው ቀረ፤ ሦስት ዓመቱ ነው እዚህ።»

«ስድሳ ከመቶ ይላል። አርባው የት ገባ?»

«ዘይት ነዋ። ተጽፎልህ የለ።»

ገነነ ፈገግ አለ። ሞስኮ ከቆርቆሮው ጀርባ ብቅ ስትል ታየችው። «ዘይቱን የጨመረው ማነው?»

«ተው አንተ ልጅ።»

«ልጅ አይደለሁም፤ ጓድ ነኝ።»

«እሺ ጓድ ልጅ። ቀበሌ ሱቅ ዘይት ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። ሽሮዬን በውሃ ብቻ ነው የማንተከትከው። አሁን እኔ ዘይት ባገኝ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ፣ በእንግሊዝኛ ጽፌበት፣ ለመንግሥት አስቀምጣለሁ?»

ይህን ነገር ሌላ ሰው ቢሰማው ቁጭ ብሎ ያስብበት ነበር። ገነነ ግን ማሰብ የሚያበዛ ሰው ከመስመር እንደሚወጣ ስለተማረ አላሰበበትም። የመጋዘኑን ቁልፍ ተቀበላቸው። ቅዳሜ በሠራተኛው ፊት እንደሚቀርቡ፣ ከዚያም ለሚመለከተው አካል እንደሚተላለፉ ነገራቸው። ለሚመለከተው አካል መተላለፍ ማለት ከርቸሌ ማለት እንደሆነ በፒያሳ ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። አስካለ ሻርፓቸውን አስተካከሉ።

«ለእናትህ ግን ሰላም በልልኝ» አሉት። «ሐዘንተኛ ናት።»

«ማን ሞተባት?»

«ማንም አልሞተባት።»

ገነነ ነገሩ እስኪገባው ድረስ እሳቸው ደረጃውን ወርደው ነበር።

አሁን የሚቀረው የባለሙያ ቃል ነው። ባለሙያው መርሻ ይባላል፤ ላይፕዚግ ኬሚስትሪ ተምሮ የመጣ፣ የመነጽሩ መስተዋት የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል፣ ከጓሮ ባለው ላቦራቶሪ ተደብቆ ዓለምን እንደ ቆሸሸ ብርጭቆ የሚያይ ሰው። ገነነ ቆርቆሮውን ፊቱ ሲያስቀምጥለት መርሻ መጀመሪያ ያደረገው ክዳኑ መጥበቁን ማየት ነው።

«አልከፈትከውም አይደል?»

«አልከፈትኩትም። ምን እንደሆነ ተናገር፤ ባጭሩ።»

«ብረትና ጋዝ ነው። ሶዲየም በቢላዋ የሚቆረጥ ለስላሳ ብረት ነው። አግለህ ሃይድሮጂን ታበላዋለህ፤ እንዲህ ያለ ግራጫ ዱቄት ይሆናል። የበላውን ግን አይችለውም። ውሃ ባገኘ ጊዜ ያስመልሰዋል። ሲያስመልሰው ይግላል፤ ግለቱ ጋዙን ያቀጣጥለዋል። እሳቱ ሲያልቅ የሚቀርልህ ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ሳሙና የሚሠሩበት፣ ቆዳህን የሚልጥህ።»

«ዘይቱስ?»

«ልብሱ ነው። አየር ላይ ያለው እርጥበት እንዳይነካው። ዓለም ላይ የትም ብትገዛው እንዲሁ ነው የሚሸጥልህ።»

«ዓለም ስትል የኢምፔሪያሊስቱን ነው?»

«በሶቪየትም ውሃ እርጥብ ነው፣ ጓድ።»

ገነነ ይህችን በልቡ ያዛት፤ አንድ ቀን ታስፈልጋለች። «ለሰፊው ሕዝብ ምን ይጠቅማል ታዲያ?»

«መድኃኒት ሲሠራ ያስፈልጋል። ከሌላው ላይ ሃይድሮጂን መንጠቅ ነው ሥራው።»

«የነጠቀውን ምን ያደርገዋል?»

«ምንም። ለራሱም አይጠቀምበትም፤ አየር ላይ ይበትነዋል።» መርሻ ቀና ብሎ አየው። «እንዲህ ያለ ጠባይ በሰውም አለ።»

ገነነ ስለ አሻጥረኞች የተነገረ መስሎት በስምምነት ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ዘይቱን አውጣልኝና ንፁሑን ለሠራተኛው ላሳይ።»

«በሐምሌ? አዲስ አበባ? ግድግዳው እንኳ በሚያልብበት ወር? አላወጣም።»

«ትዕዛዝ ቢሆንስ?»

«በጽሑፍ አምጣው። ደግሞ ስማኝ፤ ይህ ነገር አንዴ ከተያያዘ ውሃ እንዳታስነካው። ደረቅ አሸዋ ነው የሚያጠፋው። ልድገምልህ ወይስ ገባህ?»

ገነነ ቆርቆሮውን አንሥቶ ወጣ። ምሁር ሲባል እንዲህ ነው፤ አልችልም ላለማለት ግድግዳ ያልበዋል ይላል። በርበሬና ሸክላ የለየው የድልድዩ ካድሬ ላይፕዚግ ሄዷል እንዴ? በወንፊት ነው የለየው።

ዓርብ ከሰዓት ገነነ ራሱ ሥራውን ጀመረ። ከሰርቪስ መኪናው ላይ ቤንዚን አስቀዳ፤ በኩፖን የሚገኝ ቤንዚን ነው፤ ለአብዮቱ ግን ምን ይሰሰታል። በአንድ ትልቅ ጠርሙስ ሁለት ጭብጥ የሚያህል ዱቄት ጨመረ፤ ቤንዚን አፈሰሰበት፤ በእንጨት አማሰለው፤ ሲረጋ ከላይ ያለውን ወደ ሌላ ጠርሙስ ገለበጠ። ደጋገመው። በአንዱ ጠርሙስ ዘይትና ቤንዚን የተደባለቀበት ፈሳሽ ተጠራቀመ፤ በሌላው ታች ግራጫው ዱቄት፣ ላዩ ላይ ትንሽ ቤንዚን እንደ አንሶላ ተዘርግቶበት፣ ጸጥ ብሎ ተኛ። ገነነ ክዳኑን አጥብቆ ዘጋና ሳቀ። ያን ዕለት ያልነደደው ቤንዚኑ ዱቄቱን ስለሸፈነለት ነው። እሱ ግን ምሁራን ስለሚያጋንኑ ነው ብሎ ደመደመ።

ቅዳሜ ጠዋት ሠራተኛው ፎቅ ላይ ባለው አዳራሽ ተሰበሰበ። ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። አርባ ሰው የረጠበ ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀምጦ ይተናል፤ አዳራሹ የበግ ለምድ ይሸታል። ከበላይ አካል የመጡት ጓድ ደምመላሽ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ሙሉ ፂም፣ ሰፊ ቅንድብ፣ በቀበቶአቸው ላይ ሽጉጥ፣ ከፊታቸው እንደ ደንቡ አንድ ጆግ ውሃ። የሞስኮዋን ቦታ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ገነነ ይህን ስለሚያውቅ አንገቱ የኮቱ ኮሌታ ውስጥ እየሟሟ ነበር።

ዱቄቱን በሁሉም ፊት ነጭ ሸክላ ሳህን ላይ ገለበጠው። ቤንዚኑን አጠለለ። የዘይቱን ጠርሙስ ከጎኑ አቆመ። አስካለን ከጠረጴዛው ቀኝ አቆማቸው። መርሻ ሽታው ሲደርሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ።

«ዘይቱን አወጣኸው?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሕዝቡ እንዲያይ።»

«መልስበት። አሁኑኑ።»

«ቦታህ ተቀመጥ፣ ጓድ መርሻ። አለዚያ እዚህ ከጓድ አስካለ ጎን ቦታ አለ።»

መርሻ ሳህኑን አየ፤ የደምመላሽን ሽጉጥ አየ፤ አርባውን ሰው አየ። ከዚያ ሄዶ ተቀመጠ። የተቀመጠው ግን ድሮ በነበረበት ሳይሆን በሩ አጠገብ ነው። ትምህርት ይህን ያህል ይጠቅማል።

ገነነ ንግግሩን ለቀቀው። ከፊውዳሊዝም ጀመረ፤ በኢምፔሪያሊዝም በኩል አለፈ፤ ቆርቆሮው ጋ ሲደርስ ግማሽ ሰዓት ሆኖ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤንዚኑ ከሳህኑ ላይ ቀስ እያለ እየተነነ፣ አንሶላው ከዱቄቱ ላይ እየተገፈፈ ነው። «ከመቶ አርባ!» አለ ገነነ። «ወገኖቼ ሽሮአቸውን ያለ ዘይት ሲበሉ፣ ዘይቱ እዚህ ነበር! ጓድ አስካለ፣ ግለሂስ ይቅረብ።»

አስካለ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ጥፋቴን አምናለሁ» አሉ። «ይህ ልጅ ስድስት ዓመቱ ሳለ ደጃችን ካለው ቦይ ወድቆ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሌላ በአብዮቱ ላይ የሠራሁት በደል የለም።»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየለት ነገር አመለጠው። ደምመላሽ እንኳ ፂማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ገነነ ፊቱ ቀላ። «ዘይቱ አሻጥር ነው የምትሉ፣ እጃችሁን!»

አርባ እጅ ወጣ። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ የመርሻም እጅ ወጣ። ዘይቱ በሙሉ ድምፅ አሻጥር ሆነ።

ከዚያ መዝሙሩ ቀጠለ። በዚያ መዝሙር ጊዜ ሰው የግራ ጡጫውን አንሥቶ እንደ ሐውልት ይቆማል። ሦስት አንጓ ነው። መካከል ላይ ያነጠሰ የሒሳብ ክፍል ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ ያነጠሰበት የፖለቲካ ምክንያት ተጠይቋል። ስለዚህ የመጀመሪያው አንጓ እንዳለቀ ሳህኑ «ችስ» ማለት ሲጀምር አርባው ሰው በዓይኑ ብቻ አየው።

ገነነም አየው። ግራጫው ዱቄት ጫፍ ጫፉ ላይ ነጣ፤ ሽንኩርት ትኩስ መጥበሻ ላይ ሲወድቅ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ አሰማ፤ ቀጭን ጢስ ወጣው። ገነነ ድምፁን ከፍ አድርጎ ዘመረ፤ የዱቄቱን ድምፅ መዋጥ ይቻል ይሆናል ብሎ ነው። ሁለተኛው አንጓ ላይ ሳህኑ መሃል ቢጫ ነበልባል ብድግ አለ። ማንም አልተነቃነቀም። ሠራተኛው ገነነን ያያል፤ ገነነ ደምመላሽን ያያል፤ ደምመላሽ ፊታቸው ላይ ከሚነደው እሳት በላይ አሻግረው የበለጠ የበላይ አካል ያለ ይመስል ግድግዳውን ያያሉ። ቀዩ ጨርቅ ተያያዘ። መዝሙሩ ቀጠለ። የሚቃጠለው ሰው ቢሆን ኖሮም ሦስተኛውን አንጓ ይጠብቅ ነበር።

ጡጫቸውን ያወረዱት አስካለ ብቻ ናቸው። የተፈረደበት ሰው ምን ቀረው? ሻርፓቸውን ሰብስበው፣ ሳይጣደፉ፣ ከጠረጴዛው ርቀው መርሻ አጠገብ ሄደው ቆሙ።

የመጨረሻው ቃል ከአፍ ሲወጣ ገነነ ጆጉን አፈፍ አደረገ። መርሻ «ውሃውን ተው» ሲል ሰምቶታል፤ ግን ከበር የሚናገር ሰው ምን ጊዜም ቢሆን ለገነነ ፀረ ሕዝብ ነው። ውሃውን በሙሉ ሳህኑ ላይ ደፋው።

ድምፁን ቸርችል ጎዳና ላይ የነበሩ ሰዎች ሰምተውታል ይባላል፤ የፒያሳ ሰው ያጋንናል። መስኮቶቹ ግን ተንቀጫቀጩ። ቢጫ ኳስ ወደ ጣሪያው ተወረወረ፤ ሳህኑ ተሰነጠቀ፤ የዘይቱ ጠርሙስ ወድቆ በጠረጴዛው ላይ እየነደደ ፈሰሰ። የሠራተኛው ዲሲፕሊን በዚያች ቅጽበት አበቃ። አርባ ሰው በአንድ በር ወጣ፤ ከሁሉ ፊት ጓድ ደምመላሽ፣ ቆባቸውን ጥለው። መርሻ ብቻ ወደ ውስጥ ሄደ፤ ደረጃው ራስ ላይ ያሉትን የአሸዋ ባልዲዎች፣ ግማሻቸው የሲጋራ ቁራጭ ሆነው ሳለ፣ እየተመላለሰ እሳቱ ላይ ደፋቸው። እሳቱ እያጉረመረመ ተዳፈነ።

ከታች፣ ዝናቡ እንዳያገኛቸው በረንዳው ሥር ተጠጋግተው ሲቆሙ፣ ማንም እንዳልሞተ ታወቀ። የገነነ እጆች በነጭ ፍንጣሪ ተሸፍነው ይለበልቡታል። ጓድ ደምመላሽ ደግሞ ቅንድብ የላቸውም። ፂማቸው በግራ በኩል አለ፤ በቀኝ በኩል ታሪክ ሆኗል። ሰውን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ፤ የሚስቅ እንዳለ ነው የሚያዩት።

«ስብሰባው አልተዘጋም» አሉ።

ወደ ገነነ ዞሩ።

«ጓድ ገነነ። ይህ ነገር ዘይት እያለበት ስንት ጊዜ መጋዘን ተቀመጠ?»

«ሦስት… ሦስት ዓመት ነው የሚሉት፣ ጓድ።»

«ነድዶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ዘይቱ በወጣ በስንት ቀኑ ነደደ?»

ገነነ አፉን ከፈተ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሐሳብ ከነጫፉ ታየው፤ ያየው ግን እየመጣበት ነው። ዘይቱ አሻጥር ካልሆነ አሻጥሩ ዘይቱን ማውጣት ነው። «በማግሥቱ» አለ።

«ማነው ያወጣው?»

ገነነ መርሻን አየ፤ ጥፋቱን የሚወረውርበት ሰው ፈልጎ ነው። መርሻ መነጽሩን ይጠርጋል። «ግለሂስ አቀርባለሁ» አለ ገነነ ቶሎ ብሎ፣ እና የሚገርም ግለሂስ አቀረበ። ንዑስ ከበርቴነቱን አወገዘ፤ ችኮላውን አወገዘ፤ ውሃውን በሚገባ ሳያጠና መጠቀሙን አወገዘ። ቤንዚኑንም ሊያወግዝ ሲል ደምመላሽ በእጃቸው አቆሙት።

«ዘይቱ አሻጥር አይደለም የምትሉ?»

ከሁሉ ቀድሞ የወጣው እጅ የገነነ ነው፤ ቁስሉን ሳይቆጥር፣ ከፍ አድርጎ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ። አርባው ተከተለው። የመርሻም።

«ጓድ አስካለ ወደ ሥራቸው ይመለሱ» አሉ ደምመላሽ። «ጓድ ገነነ ከፖለቲካ ኃላፊነቱ ተነሥቶ በሳቸው ሥር መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ከብዙኃኑ ይማር።»

መኪናቸው ጋ እስኪደርሱ ገነነ በዝናብ ተከተላቸው። መስኮቱ ሊዘጋ ሲል ጎንበስ አለ። «ጓድ፣ የሞስኮው ጉዳይ… ማመልከቻዬ እዚያው ነው ያለው…»

ደምመላሽ ቅንድብ በነበረበት ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳለፉ። «እኔው ራሴ እሄዳለሁ» አሉ። «እዚያ ጥሩ የቃጠሎ ሐኪም አለ ይላሉ።» መስኮቱ ተዘጋ።

ገነነ ወደ በረንዳው ሲመለስ ሠራተኛው ተበትኗል። አስካለ የቧንቧ ውሃ በጣሳ ቀድተው ቆመዋል፤ መርሻ ከጎናቸው ነው።

«እጅህ ላይ ያለው ሶዳ ነው» አለ መርሻ። «አሁን ነው ውሃው። በብዛት።»

አስካለ ወደ መርሻ ዞሩ። «አንተስ ዛሬ እጅህን ሁለት ጊዜ አወጣህ።»

«ሁለተኛው ትክክል ነበር፣ እትዬ አስካለ።»

«አንደኛው ከርቸሌ ነበር።»

መርሻ ወደ ላቦራቶሪው ገባ። አስካለ ጣሳውን አዘነበሉ።

«ዘርጋ» አሉት ገነነን። ዘረጋ። ውሃው ሲነካው ጥርሱን ነከሰ።

«ቁልፌን።»

«ኪሴ ውስጥ ነው… እትዬ፤ እጄ ስለማይችል እርስዎ ያውጡት።»

አስካለ ቁልፉን ከኮቱ ኪስ አወጡ። «ሰኞ በጊዜ ና» አሉ። «ፎቁን የምትጠርገው አንተ ነህ።» ጣሳውን ደግመው ሊቀዱ ወደ ቧንቧው ሄዱ፤ ገነነ ሁለት እጁን ወደ ፊት እንደዘረጋ ጠበቃቸው።